ፈጣን ማንዋል መኪና ፈልጋችሁ ሲሲ የምትቆጥሩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ከርማችኋል። ባለፈው እትማችሁ ስለ መኪና ምርጫ ያወጣችሁትን ፅሁፍ ፍራንኮ ጋ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት፣ እንዲያውም ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ አንዴ ለራሴ አንዴ ደሞ ጮክ ብዬ ለእህቴ ልጅ፣ ምክንያቱም ልጁ ሁለት ወር ሙሉ "ጋሼ ፈጣን ማንዋል መኪና ምረጥልኝ፣ ዋጋው የማይጎዳ" እያለ ቁም ስቅሌን ሲያሳየኝ ስለነበር እስቲ ጋዜጣው ይገላግለኝ ብዬ ነው። ፅሁፋችሁ መጨረሻው ላይ ምን አለ፣ ፍጥነት የሚወድ ሰው ሲሲው (የሞተሩ መጠን) ከፍ ያለውን ይግዛ። በቃ። ልጁ ይሄን ሲሰማ አይኑ በራ፣ እኔ ደሞ ቡናው ቀዘቀዘብኝ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ደላላም አይደለሁም። ስራዬ ሞጆ ነው፣ ደረቅ ወደቡ ጋ፣ ቤቴ አዳማ፣ ስለዚ በየቀኑ መመላለስ ነው። መሪ ከያዝኩ ሃያ ምናምን አመት ሆኖኛል፣ በአሮጌው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ጀምሬ አሁን ሱዙኪ ዲዛየር ነው የምነዳው፣ በመሃል ስንት ብር ጋራዥ ውስጥ እንደቀበርኩ ባለቤቴ ባታውቅ ይሻላል።

ልጁ (ሃያ ስድስት አመቱ ነው ግን ለኔ ያው ልጅ ነው) የሚፈልገው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ከሰኞ እስከ አርብ ወንጂ ስራ ደርሶ ይመለሳል፣ ቅዳሜ እናቱን ገበያ ያደርሳል፣ እሁድ ደሞ ከጓደኞቹ ጋር መወዳደር ይፈልጋል። ማንዋል ካልሆነ አልነዳም ይላል፣ እዚህ ላይ እንኳን ከሱ ጋር ነኝ። ፍሪሲዮን ቢያልቅ ቀይረህ ትገላገላለህ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከተበላሸ ግን ሰው ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ነው፣ ባትሪ ቢሞትብህ ሶስት ሰው ገፍቶ ያስነሳልሃል፣ ኩርባ ስትገባ ደሞ የትኛው ማርሽ ላይ እንደምትሆን የምትወስነው አንተ ነህ እንጂ መኪናው አይደለም። የእህቴ ባል የኤሌክትሪክ አይዲ ፎር አለው፣ መብራት ሲለቅ ሁላችንንም ጥሎን ይሄዳል፣ አልክድም፣ ግን ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና ነው፣ ማርሽ የሚባል ነገርም አያውቅም፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

"እሺ ውድድሩ የት ነው?" አልኩት።

"ኤክስፕረስ ዌዩ ላይ ነዋ ጋሼ፣ እሁድ ማለዳ ባዶ ነው እኮ።"

ባዶ! የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና እሁድ የለ ሰኞ የለ ቀንና ሌሊት በሚሄድበት መንገድ። ያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ መፃፍ አልችልም ጋዜጣችሁ የቤተሰብ ነው። ሲበርድልኝ ግን ወረቀት አውጥቼ ይሄን አሳየሁት፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው የተሸከመው ጉልበት እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው። ከ60 ወደ 120 ስትወጣ ፍሬንህ የሚጠብቀው ስራ አራት እጥፍ ነው፣ ፍሬን ከያዝክ በኋላ ለመቆም የምትፈልገው ርቀትም እንደዛው ወደ አራት እጥፍ ነው። 160 ላይ ሆነህ ከፊትህ ያለው ከባድ መኪና መስመር ቢቀይር ሲሲህ ምን ያደርግልሃል? ልጁ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ያመነ ይሁን ያኮረፈ እንጃ።

ከዛ ወደ ምርጫው። መጀመሪያ ገበያውን ማወቅ ያስፈልጋል፣ የናንተ ፅሁፍ ይሄን ዘሎታል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ድረስ ጣለ፣ ከ2016 ወዲህ ደሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባቱ ራሱ ተከለከለ፣ ስለዚ አገር ውስጥ ያለው ማንዋል ያው ያለው ነው፣ እየተጋጨ እያረጀ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ውጭ አገር ሰዎች ለእንዲህ አይነቱ ጉዳይ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ግዛ ይላሉ፣ ስዊፍት ስፖርት ግዛ ይላሉ፣ ትክክል ናቸው፣ ግን አዳማ ውስጥ ደላላ ጋ ሄደህ ኤምኤክስ 5 አለ ወይ ብትል የስልክ አይነት ይመስለዋል። እንደው ከነሱ የምንማረው ነገር ግን አለ። ያ ማዝዳ በፈረንጆቹ 1989 ሲወጣ ሞተሩ 1.6 ሊትር ነው (1600 ሲሲ ገደማ ማለት ነው)፣ 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ፣ ክብደቱ ግን ከአንድ ቶን በታች። ስዊፍት ስፖርትም የመጨረሻው 1.4 ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሳሪያ ያለው) 140 ፈረስ ሆኖ 970 ኪሎ ነው የሚመዝነው። አለም ሁሉ የሚያደንቃቸው ስለ ጉልበታቸው አይደለም፣ ስለ ቅለታቸው ነው።

ይሄን ወደኛ ገበያ አምጡት። ሰው ሁሉ የሚያመልከው ኮሮላ 1.6፣ ያ የ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ)፣ 110 ፈረስ አለው፣ ክብደቱ ወደ 1150 ኪሎ። ሱዙኪ ዲዛየር ወይም ስዊፍት በ1.2 ሞተር ደሞ 83 ፈረስ ገደማ፣ ክብደቱ 880 ኪሎ አካባቢ። እስቲ አካፍሉት። ለአንድ ቶን ሁለቱም 95 ፈረስ አካባቢ ነው የሚመጣው! ቀጥታ መንገድ ላይ ልዩነቱ ይሄን ያህል አይደለም ማለት ነው፣ ኩርባና ፍሬን ላይ ሲመጣ ደሞ ቀላሉ ይሻላል፣ ጎማው ርካሽ ነው፣ ፍሬን ሸራው ርካሽ ነው፣ ቤንዚኑም እንደዛው። ኮሮላውን አልንቅም፣ ጨዋ መኪና ነው፣ ግን ያ የዛን ዘመን ሞተር ዘይት መብላት የሚጀምር አለ፣ ስትገዙ ጭሱን እዩ። ያሪስ ማንዋልም ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው፣ ቪትዝ ግን አብዛኛው አውቶማቲክ ስለሆነ ብዙ አትድከሙ።

ሌላም የዘለላችሁት ነገር ከፍታ ነው። አዳማ ከባህር ወለል 1700 ሜትር አካባቢ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከመቶ አስራ ሰባት አስራ ስምንቱን ያጣል፣ ስለዚ የኔ 83 ፈረስ አዳማ ላይ 68 ምናምን ነው ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ላይማ ከዛም ይወርዳል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ሞጆን ሲያልፉ "መኪናዬ ነፍስ ዘራ" የሚሉት ለዚህ ነው፣ ውሸታቸውን አይደለም። ቱርቦ ያለው ይሄን ኪሳራ በብዛት ይሸፍናል እውነት ነው፣ ግን አሮጌ ቱርቦ መኪና በአዳማ ሙቀት፣ በምናገኘው ዘይትና በምናገኘው መካኒክ... ልጁ አንድ የጀርመን ባለ ቱርቦ አይቶ ነበር፣ ሁለት ሊትር፣ ቀይ፣ ውስጡ ቆዳ። ደላላው "ወንድሜ ይሄ መኪና አይደለም አውሮፕላን ነው" አለው። አስነሳነው፣ ሰማያዊ ጭስ። የዘይት ክዳኑን ከፈትኩት፣ ውስጡ ማኪያቶ መስሏል፣ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው፣ ወይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው ወይ ከዛ የባሰ። አውሮፕላኑን እዛው ትተነው መጣን።

ስለ ዲኤክስም ሳልናገር ባልፍ ሽማግሌዎቹ ይቀየሙኛል። ልጆቹ ዛሬ ይስቁበታል እንጂ ዲኤክስ እኮ ያ በጃፓን ተራራ መንገድ ስሙ የገነነው ኮሮላ ኤኢ86 የቅርብ ዘመድ ነው፣ በኋላ ጎማ ነው የሚገፋው፣ ቀላል ነው፣ ካርብራተሩን በካቻቪቴ ታስተካክለዋለህ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ዝናብ ላይ ኋላው ሲሸሽ መሪን በዛው ወደሸሸበት አቅጣጫ መመለስ እጄ የለመደው በዲኤክስ ነው። ግን ኤርባግ የለው ኤቢኤስ የለው፣ ሞተሩ 60 ምናምን ፈረስ፣ እድሜው ከልጁ እናት ጋር እኩል፣ በየቀኑ ወንጂ ለመመላለስ እህቴን አላሳምናትም። ለእሁድ ብቻ ሁለተኛ መኪና መግዛት የሚችል ካለ ግን ወዲያ ወዲህ ሳይል እሱን ይግዛ።

በመጨረሻ የተገዛው ስዊፍት ነው፣ ነጭ፣ አምስት ማርሽ፣ 1.2፣ ሁለተኛ እጅ። ዋጋውን አልፅፍም፣ ዛሬ ፅፌው ጋዜጣው እስኪወጣ ይቀየራል። አገዛዛችንን ግን ልንገራችሁ ምክንያቱም ብዙ ልጅ ማንዋል ሲገዛ ቀለም አይቶ ነው የሚገዛው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነካ ቀዝቅዞ እያለ ነው የሄድነው፣ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ከዛ ሜዳ መንገድ ላይ ቀስ እያልኩ አራተኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጁን እስከ ታች ረገጥኩት፣ የሞተሩ ድምፅ ብቻውን ሽቅብ ከሄደና መኪናው ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ የኛው ተከተለ። ከሶስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልስ ካምቢዮው ከጮኸ እሱም ምልክት ነው፣ ሁለተኛ ማርሽ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ነው። መሪውን እስከመጨረሻው አዙረህ ቀስ ብለህ ስትሄድ ቀጭ ቀጭ ካለ ጁንቶው (ጉልበቱን ወደ ጎማው የሚያደርሰው መገጣጠሚያ) ነው። የፊት ጎማዎቹ በውስጥ በኩል ብቻ ከተበሉ ወይ አላይመንት ወይ ተጋጭቶ የተጠገነ ነው። ሊብሬ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉንም በራሳችሁ አይን እዩ፣ ደላላው "አይቼዋለሁ" ቢላችሁ እንዳታምኑት።

ሲሲ ቀንሰን ያተረፍነውን ብር የት አደረግነው? ይሄ ነው እንግዲህ የደብዳቤዬ ዋናው ነገር፣ ጎማና ፍሬን ላይ ነው። ልጁ ገንዘቡን ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አስቆርጦ እንዲጮህ ለማድረግ ነበር ያሰበው። ማርሚታ ስትቆርጥ የሚጨምረው ጎረቤት የሚሰድብህ ስድብ ነው። እኔ አራት አዲስ ጎማ አስገዛሁት፣ ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቤ ነው ደሞ፣ ለምሳሌ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው በፈረንጆቹ፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም መደብር ውስጥ ሲያረጅ የኖረ ጎማ ይሸጣሉ፣ በኛ ሙቀት ደሞ ጎማ ሳይነዳም ይደርቃል።

ፍሬንን በተመለከተ እኔ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። ከአምስት አመት በፊት ነው፣ ከአሰላ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት አክስቶቼ፣ ኋላው ድንችና ቅቤ። አሰላ 2400 ሜትር አካባቢ ነው አዳማ 1700፣ ልዩነቱን ሁሉ በቁልቁለት ነው የምትወርደው፣ እኔ ደሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ በአራተኛ ማርሽ ፍሬን እየረገጥኩ። ኢተያን ካለፍን በኋላ አንዱ ኩርባ ላይ ስረግጠው ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነ፣ ዝም ብሎ ሰመጠ። ሶስተኛ፣ ከዛ ሁለተኛ ጎትቼ አስገባሁት፣ ሞተሩ ጮኸ፣ አክስቴ ማርያምን ጠራች፣ መኪናው ያዘ፣ ቀስ እያለ ዳር ላይ ቆመ። አውቶማቲክ ቢሆንስ ኖሮ ብዬ እስከዛሬ አስባለሁ፣ እሱም ወደ ታች ማርሽ አለው ይላሉ፣ በዛ ሰዓት ግን እጄ የሚያውቀው ያን ዱላ ብቻ ነበር።

ምን ሆኖ ነው? የፍሬን ዘይት። ሰርቪስ የማስደርግበት ጋራዥ በየጊዜው "ሁሉም ተቀይሯል" ይለኝ ነበር፣ ሲፈታ ግን ዘይቱ ጥቁር ቡና መስሏል፣ ከተገዛ ጀምሮ ማንም አልነካውም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበት ሲጠጣ ደሞ ቶሎ ይፈላል፣ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደሞ ስትጫነው ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋልህም። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ 140 ይወርዳል፣ ዶት 4 ደሞ አዲሱ 230፣ የጠጣው 155። የዋጋ ልዩነቱ የአንድ ምሳ ነው። ስለዚ የልጁ ስዊፍት መጀመሪያ ያገኘው ነገር ዶት 4 ነው፣ ከዛ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ የኋላው ታምቡር ተከፍቶ ፀዳ። ከዛ ጎማው። የቀረችውን ብር ደሞ ለሁለት ሄልሜትና ለእሳት ማጥፊያ። ልጁ "ጋሼ ይሄ ሁሉ ወጥቶበት መኪናው እኮ አልፈጠነም" አለኝ። ቆይ አልኩት።

አሁን ወደ እሁዱ ልምጣ። ሌላው አገር አማተር ሰው መኪናውን ይዞ የሚወዳደረው በብዛት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ ኮን ደርድሮ ነው፣ አንድ መኪና ብቻውን ይገባል፣ ሰዓት ይያዝለታል፣ ኮን ከነካ ሰከንድ ይጨመርበታል፣ አሜሪካኖቹ ለአንድ ኮን ሁለት ሰከንድ ነው የሚጨምሩት። አብዛኛው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም ምክንያቱም ሜዳው ላይ ሌላ ሰው የለም። እኛም ሞከርነው። አንድ ወዳጄ ከከተማው ወጣ ብሎ የመጋዘን ግቢ አለው፣ ስሚንቶ የተነጠፈ፣ እሁድ ባዶ፣ በሩ የሚቆለፍ። ኮን የለንም፣ ልጁ የእናቱን ቢጫ ጀሪካኖች ሰብስቦ መጣ፣ አስራ ሁለት ናቸው። ወለሉን ጠርገን፣ ሰው ሁሉ ከአጥር ኋላ እንዲቆም አድርገን፣ በስልክ ሰዓት ያዝን።

ከልጁ ጓደኞች አንዱ ባለ ሁለት ሊትር መኪና አለው፣ ያ የናንተ ፅሁፍ የሚመክረው አይነት፣ ድምፁ ብቻ ሰፈር ያስነሳል። ተነሳ፣ የመጀመሪያውን ቀጥታ እንደ ጥይት ሄደ፣ ከዛ ኩርባው ላይ ፍሬን ያዘ፣ የለም፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሶስት ጀሪካን ደፋ፣ 41 ሰከንድ ገባና ስድስት ተጨምሮበት 47 ሆነ። የኛ ልጅ በስዊፍቱ 44፣ አንድም ሳይነካ። ልጁ ሁለተኛ ዙር ሲገባ በጣቱ ፍሬን በተረከዙ ነዳጅ እየረገጠ ማርሽ ለመመለስ ሞከረና ሞተር አጠፋ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። እኔ በዲዛየሬ 46 ነው የገባሁት፣ እድሜዬን ግምት ውስጥ አስገቡልኝ። ባለ ሁለት ሊትሩ ልጅ ሲወጣ የመጀመሪያ ጥያቄው "ጎማህ ምንድነው?" ነበር። እህቴ ደሞ የጠየቀችው ስለ ጀሪካኖቿ ብቻ ነው፣ አንዱ ተሰንጥቋል፣ ይተካላታል።

ልብ በሉ፣ መድን የገባችሁበትን ፖሊሲ አንብቡ፣ ውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አብዛኛው አይሸፍንም፣ ጀሪካን ቢሆንም። ደሞም ይሄ ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ኬንያን ይይ። ሳፋሪ ራሊ የሚባለው የመኪና ውድድር በፈረንጆቹ 1953 የተጀመረ ነው፣ በ2021 ወደ አለም ሻምፒዮና ሲመለስ የተካሄደው ናይቫሻ ነው፣ ናይቫሻ ደሞ እንደኛው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከፍታዋ ወደ 1900 ሜትር የሚጠጋ የሃይቅ ዳር ከተማ ናት። አየሩ ያው የኛው ስስ አየር ነው፣ አቧራውም ያው ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። የወዳጄ መጋዘን ከመጪው ወር ጀምሮ እህል ሊገባበት ነው፣ ግቢው አይገኝም። አዳማ ውስጥ ወይም ወደ ወንጂ፣ ወደ ሶደሬ መንገድ አካባቢ፣ የተነጠፈ፣ አጥር ያለው፣ እሁድ ጠዋት ሁለት ሶስት ሰዓት ባዶ የሚሆን ቦታ ያለው ሰው ካለ ይሄን ደብዳቤ አይቶ በጋዜጣው በኩል ቢያሳውቀን፣ የከተማው አስተዳደርም ቢሆን እሁድ የማይጠቀምበት ሜዳ ካለው፣ ኪራይ እንከፍላለን፣ ጠርገን ነው የምንወጣው። ልጆቹ አሁን ስምንት ሆነዋል፣ ሁለቱ ከዚህ በፊት ኤክስፕረስ ዌዩ ላይ የሚሄዱ ነበሩ። ጀሪካን አስራ አንድ አለን።

ከአክብሮት ጋር
ከአዳማ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ